ወደ ኋላ የሚመለስ ውሃ፦ የቧንቧ መስመርንና ለእሳት የተቀመጠ ውሃን እንዴት እንፈትሽ?

ሰቆጣ፦ ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች የተራው ቀን የሥራ ቀን ነው። ጀሪካን ይታጠባል፤ በርሜል ይሞላል፤ ከቤቱ ጀርባ በብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ እስኪሞላ ይጠበቃል። ተራው አልፎ ውሃው ሲሄድ ግን አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። በርሜሉ ውስጥ የተነከረው ጎማ ሳይወጣ፣ ቧንቧውም ሳይዘጋ ያድራል።

ያ ጎማ ውሃ እንዳመጣ ሁሉ ውሃ ሊወስድም ይችላል። የመጠጥ ውሃ መስመር ግፊቱን ባጣ ጊዜ መስጠቱን ትቶ መሳብ ይጀምራል። ከበርሜሉ የሳበው ውሃ በመስመሩ ውስጥ ይቆይና ፈረቃው ሲመለስ በጎረቤት ማሰሮ ውስጥ ይገኛል። ባለሙያዎች ይህንን የውሃ ኋሊት ፍሰት ይሉታል።

ይህ ጽሑፍ ለቤት፣ ለሆቴልና ለሱቅ ባለቤቶች፣ እንዲሁም በቧንቧ አጠገብ ኬሚካል ለሚበጠብጡ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ነው። የኋሊት ፍሰት እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚፈተሽ፣ ለእሳት አደጋ የተቀመጠ ውሃና መሣሪያም እንዴት እንደሚጠበቅ ያስረዳል። ሁለቱን ጉዳዮች ያገናኛቸው አንድ ነገር ነው። ሁለቱም የሚመኩት ከተገጠሙ በኋላ ዞር ብለን በማናያቸው ትንንሽ ዕቃዎች ላይ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ደግሞ ስላሉ ብቻ አይጠብቁንም፤ የሚጠብቁን በየጊዜው ሲፈተሹ ነው።

ውሃ ለምን ወደ ኋላ ይመለሳል?

ውሃ የሚፈስሰው ግፊት ከበረታበት ወደ ደከመበት ነው። የውሃ ማጠራቀሚያ ከቤት በ10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በቤቱ ቧንቧ ላይ 1 ባር ገደማ ግፊት ይጨምራል። ማጠራቀሚያው 30 ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ውሃው ቆሞ ባለበት ጊዜ በቧንቧው ላይ 3 ባር ያህል ግፊት ይኖራል ማለት ነው። ይህ ግፊት እስካለ ድረስ ውሃ ከመስመሩ ወደ ቤት ይገባል እንጂ ከቤት ወደ መስመሩ አይወጣም።

ግፊቱ የሚጠፋባቸው አጋጣሚዎች የታወቁ ናቸው። መብራት ጠፍቶ ፓምፕ ሲቆም፣ ፈረቃው አልፎ መስመሩ ሲዘጋ፣ ዋናው ቧንቧ ሲሰበር፣ ወይም እሳት ለማጥፋት ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲሳብ መስመሩ ይዳከማል። መሬቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ከታች ያለው ቤት ቧንቧውን ሲከፍት በመስመሩ የቀረው ውሃ ወደ እርሱ ይወርዳል። ከላይ የተፈጠረው ባዶነት ደግሞ በላይኛው ቤት ያገኘውን ይመጥጣል። አየር ካገኘ አየር ይስባል፤ በበርሜል የተነከረ ጎማ ካገኘ የበርሜሉን ውሃ ይስባል። ከበርሜል ናፍጣ በጎማ ስቦ ያወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ መፍሰስ ከጀመረ ማንም ሳይስበው ይቀጥላል።

ሁለተኛው ምክንያት መገፋት ነው። በ6 ሜትር መቆሚያ ላይ ያለ ሮቶ ወደ 0.6 ባር የሚጠጋ ግፊት አለው። የመንገዱ መስመር ባዶ በሆነበት ሰዓት ይህ ግፊት የሮቶውን ውሃ ወደ መንገዱ ይገፋዋል። በግቢው የጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ከመስመሩ ጋር ከተገናኘም እንዲሁ ይሆናል፤ ፓምፑ ያልታከመ የጉድጓድ ውሃን ወደ ከተማው የመጠጥ ውሃ ሊያስገባ ይችላል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካዋ ቺካጎ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ከተማዋ ዓለም አቀፍ ትርኢት እያስተናገደች ሳለ፣ በሁለት ሆቴሎች ያረጀና የተሳሳተ የቧንቧ ሥራ ፍሳሽን ከመጠጥ ውሃ ጋር አገናኘ። የአሜባ ተቅማጥ ተነሣ፤ 98 ሰዎች ሞቱ። እንግዶቹ በሽታውን ይዘው ወደየሀገራቸው በመመለሳቸው ምንጩን ማወቅ ጊዜ ወስዶ ነበር። የሆቴሎቹ ሕንፃዎች ትልልቅና የታወቁ ነበሩ፤ ጥፋቱ የተገኘው ግን ማንም በማያየው የቧንቧ መገናኛ ላይ ነው።

ለዋግ ኽምራ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል የዚህችን ከተማ ስም ይዞ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል። ንጹሕ ውሃ የቃል ኪዳኑ አንድ አካል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በተቅማጥ ደጋግሞ የሚታመም ሕፃን የበላው ምግብ በሰውነቱ አይቆይም። ከምንጩ ታክሞ የመጣ ውሃ በግቢያችን ባለ ጎማ ከተበከለ እናት ለልጇ የምታዘጋጀው ገንፎ ጥቅሙ ይጎድላል።

የኬሚካል ብክለት ደግሞ የባሰ ነው። በዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ጥፋተኛ ነኝ። በግብርና ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ስሞላ የጎማውን ጫፍ ከፀረ ተባዩ ውስጥ ነክሬ፣ እስኪሞላ ድረስ ሌላ ሥራ እሠራ ነበር። ጎማው እንዳይወድቅ ያደረግሁት ነገር መስመሩ ግፊት ቢያጣ መርዙን ወደ መጠጥ ውሃ የሚያስገባ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ተሐዋስያን ያሉበት ውሃ ቢፈላ ይድናል። ፀረ ተባይ የገባበት ውሃ ግን በማፍላት አይነጻም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ መርዙ ይበልጥ ሊጠነክር ይችላል።

በግቢ ውስጥ መታየት ያለባቸው ቦታዎች

ባለንብረት ግቢውን ዞር ብሎ ሲያይ የሚከተሉትን ይፈልግ፦

• በበርሜል፣ በባልዲ ወይም በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ የተነከረ ጎማ፤
• ከኬሚካል መርጫ ወይም ከመበጥበጫ በርሜል ጋር የተገናኘ ቧንቧ፤
• አፉ ከውሃው ወለል በታች የሆነ የከብት ማጠጫ ገንዳ ቧንቧ፤
• የመሙያ ቧንቧው ከታች በኩል የገባ ሮቶ፤
• በመጸዳጃ ቤት ወለል ላይ የተጣለ የእጅ መታጠቢያ ጎማ፤
• ከከተማው መስመር ጋር በአንድ ቧንቧ የተገናኘ የጉድጓድ ውሃ ወይም ፓምፕ፤
• በፍሳሽ ቦይ ውስጥ የሚያልፍና የሚያንጠባጥብ ቧንቧ።

የመጨረሻው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። ግፊት ሲኖር ውሃ የሚያንጠባጥብ ስንጥቅ፣ ግፊት ሲጠፋ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ያስገባል።

ሦስት ዓይነት መከላከያ

የመጀመሪያውና አስተማማኙ መከላከያ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአየር ክፍተት ነው። ውሃ የሚወርድበት የቧንቧ ወይም የጎማ አፍ ከዕቃው አፍ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ክፍተቱ ቢያንስ የቧንቧውን ውፍረት ሁለት እጥፍ፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ሊሆን ይገባል። አፉ ውሃውን ካልነካ መስመሩ የሚስበው አየር ብቻ ነው። የአየር ክፍተት አይዝግም፣ አያረጅም፣ አይደፈንም።

ሁለተኛው ቼክ ቫልቭ ነው። ውሃ ወደ ፊት ሲሄድ የሚከፈት፣ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚዘጋ መዝጊያ አለው። በአካሉ ላይ ያለው ቀስት የፍሰቱን አቅጣጫ ስለሚያሳይ ገልብጦ መግጠም አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ በቆጣሪውና በሮቶው መካከል ይገጠማል። ድካሙ የሚታወቅ ነው፤ ከፈረቃ በኋላ ከመስመሩ የሚመጣ ዝገት ወይም አሸዋ በመዝጊያው ሥር ከተቀረቀረ አይገጥምም። ላስቲኩም ከጊዜ ብዛት ይደርቃል። በዚህ ምክንያት ነጠላ ቼክ ቫልቭ ኬሚካል ላለበት ቦታ አይበቃም።

ሦስተኛው ሁለት ቼክ ቫልቮችን ያጣመረ መሣሪያ ነው። ከፍተኛው ዓይነት በሁለቱ መካከል የማስወጫ ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ቢበላሽ የሚመለሰው ውሃ ወደ መስመሩ ሳይደርስ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ለሆስፒታል፣ ለፋብሪካና ኬሚካል ለሚጠቀም ድርጅት የሚመከረው ይህ ነው። በብዙ ሀገሮች የሠለጠነ ባለሙያ በግፊት መለኪያ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲፈትሸው ሕግ ያስገድዳል።

ባለንብረት ራሱ የሚያደርገው ፍተሻ

ፍተሻው የሚመቸው ፈረቃው አልፎ መስመሩ ባዶ በሆነበት፣ ሮቶውም ሙሉ በሆነበት ሰዓት ነው።

አንደኛ፣ ቆጣሪውን ይመልከቱ። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ያንብቡ። ቁጥሩ ከቀነሰ ወይም መርፌው ወደ ኋላ ሲዞር ከታየ የቤትዎ ውሃ ወደ መስመሩ እየወጣ ነው።

ሁለተኛ፣ ሮቶውን ይመልከቱ። ማታ ውሃው የደረሰበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ ጠዋት ያነጻጽሩ። ማንም ሳይጠቀም ከጎደለ ወይ ፍሳሽ አለ፣ ወይ ውሃው እየተመለሰ ነው። ለመለየት በማግሥቱ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን የእጅ መዝጊያ ዘግተው ያሳድሩ። መጉደሉ ካቆመ ጥፋቱ የቼክ ቫልቩ ነው። መጉደሉ ከቀጠለ በግቢው ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ይፈለግ።

ሦስተኛ፣ መፈተሻ ቧንቧ ያስገጥሙ። የቧንቧ ሠራተኛው በእጅ መዝጊያውና በቼክ ቫልቩ መካከል ትንሽ ቧንቧ ይግጠም። የእጅ መዝጊያውን ዘግተው ይህንን ቧንቧ ሲከፍቱ የቀረው ጥቂት ውሃ ወርዶ መቆም አለበት። ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ከሮቶው እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ቼክ ቫልቩ ይፈታል፤ ይታጠባል፤ ላስቲኩ ካረጀ ይቀየራል።

ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን መስመር መንካት የውሃ አገልግሎቱ ሥራ ነው፤ ችግር ካለ ለእነርሱ ያመልክቱ።

መስመሩ ተበክሏል ብለው ከጠረጠሩ ውሃውን እስኪጠራ ያፍስሱ፤ ለመጠጥ የሚሆነውን ያፍሉ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ በቆላ 1 ደቂቃ የሚበቃው መንተክተክ እዚህ 3 ደቂቃ ሊቆይ ይገባል። የኬሚካል ሽታ ወይም ቀለም ካለው ግን አፍልቶ መጠጣት አይቻልም፤ ጎረቤትን አስጠንቅቆ ለውሃ አገልግሎቱ ወዲያው ማሳወቅ ይገባል።

ሮቶ ሲታጠብ ደለሉ ይወጣል፤ ግድግዳው ይፈተጋል። ከዚያም በ1 ሺህ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ 1 ሊትር በረኪና ተጨምሮ ለ24 ሰዓት ይቆያል። ይህ ውሃ አይጠጣም፤ ይደፋና ሮቶው በንጹሕ ውሃ ከታጠበ በኋላ ይሞላል።

ለእሳት የተቀመጠ ውሃ

በከተሞቻችን ፎቅ ቤቶች እየበዙ ነው። በአንዳንዶቹ ጣሪያ ላይ በየጥቂት ሜትሩ ትንንሽ የውሃ መርጫዎች ይታያሉ፤ ስፕሪንክለር ይባላሉ። ሄንሪ ፓርምሊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1874 የፒያኖ ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ የሠራው መሣሪያ የዛሬዎቹ ቀዳሚ ነው። በአብዛኞቹ ጫፍ ላይ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አለች። ቀይ ፈሳሽ ያላት በ68 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ትሰነጠቃለች፤ ውሃውም ይለቀቃል። ብዙዎች እንደሚያስቡት ሁሉም በአንድ ጊዜ አይከፈቱም፤ የሚከፈቱት ሙቀቱ የደረሰባቸው ብቻ ናቸው። አንዱ በደቂቃ ከ50 እስከ 100 ሊትር ሊረጭ ይችላል።

ጥቅሙ በዋናነት ጊዜ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት፣ የእሳት አደጋ ተሽከርካሪ በቀላሉ ሊደርስበት በማይችል ጠባብና በተጨናነቀ ስፍራ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አሳይቷል። በዋና ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ እርዳታ ከሩቅ በሚጠበቅበት ቦታ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚይዘው በሕንፃው ውስጥ ያለ ውሃ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ የሕዝብ መገልገያዎችንና ቁመታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑትን በ«ሐ» ምድብ አስቀምጦ ነበር። ባለንብረት ሕንፃው በየትኛው ምድብ እንዳለና ምን ዓይነት የእሳት መከላከያ እንደሚጠየቅበት ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ አለበት።

ስፕሪንክለር ያለው ሕንፃ የሚከተለው ጥገና ያስፈልገዋል፦

• በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የውሃ መዝጊያዎቹ ክፍት መሆናቸው ይታያል። ለጥገና ተዘግቶ የተረሳ መዝጊያ ስፕሪንክለሩን ከንቱ ያደርገዋል።
• በየወሩ የግፊት መለኪያው ይነበባል፤ ቁጥሩም በመዝገብ ይጻፋል። የናፍጣ ፓምፕ በየሳምንቱ፣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በየወሩ ተነሥቶ ይሞከራል።
• የመርጫዎቹ ጫፍ ቀለም አይቀባም፤ ልብስም ሆነ ጌጥ አይሰቀልበትም። ሸቀጥ ከመርጫው በታች ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ ይደረደራል።
• በዓመት አንድ ጊዜ ዋናው ማፍሰሻ ተከፍቶ የውሃው ጉልበት ይለካል፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉም ይሞከራል።
• በየአምስት ዓመቱ የቧንቧው ውስጥ ለዝገትና ለደለል ይፈተሻል።

የእሳትና የመጠጥ ውሃ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በስፕሪንክለር ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ለወራትና ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ይጠቁራል፤ ይሸታል። ከመጠጥ መስመር ጋር ያለ መከላከያ ከተገናኘ፣ መስመሩ ግፊት ባጣ ቀን ያ ውሃ ወደ መጠጥ ቧንቧ ይገባል። በመሆኑም በሁለቱ መካከል የኋሊት ፍሰት መከላከያ ሊኖር፣ በየዓመቱም ሊፈተሽ ይገባል። ፍተሻው በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ወደ ኋላ የማያሳልፍ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ፊት ለእሳቱ የሚበቃ ውሃ የሚያሳልፍ መሆኑም ይታያል።

ስፕሪንክለር የሌለው ቤት ምን ያድርግ?

አብዛኛው ቤትና ሱቅ ስፕሪንክለር የለውም፤ የእሳት ውሃ ግን ሊኖረው ይችላል። ቀላሉ ዘዴ ለቤት አገልግሎት የሚወጣውን ቧንቧ ከሮቶው ወለል ከፍ አድርጎ መግጠም ነው። ባለ 3 ሺህ ሊትር ሮቶ ላይ መውጫው አንድ ሦስተኛው ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ቤተሰቡ ውሃ አለቀ ባለ ጊዜ እንኳ ወደ 1 ሺህ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ለእሳት ይቀራል። ለዚህኛው ከታች ሌላ መውጫና ረጅም ጎማ ይዘጋጃል። ከታች የሚረጋው ውሃ እንዳይበላሽ በየወሩ ለአትክልት እየተለቀቀ ይታደሳል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። በኤሌክትሪክ የተነሣ እሳት ላይ ዋናው ማብሪያ ሳይጠፋ ውሃ አይረጭም። በሚነድ ዘይትና ነዳጅ ላይም ውሃ አይደፋም፤ እሳቱን ያሰራጨዋል። ለእነዚህ የዱቄት ማጥፊያ ያስፈልጋል። ማጥፊያው በመለኪያው ላይ ያለው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታያል፤ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይፈተሻል።

በገጠርም ነገሩ ያው ነው። ከመኸር በኋላ ገለባ ከቤትና ከማድቤት ተጠግቶ በሚከመርበት ወቅት፣ ሁልጊዜ የሚሞላ አንድ በርሜልና ባልዲ በግቢው ይኑር። በርሜሉ የሚሞላው ግን ጎማው ከአፉ በላይ ሆኖ ነው። ኬሚካል የተበጠበጠበት በርሜል ለውሃ ማስቀመጫነት ፈጽሞ አይውልም።

ሦስት የፍተሻ ወቅቶች

ለማስታወስ እንዲያመች ፍተሻውን ከዓመቱ ዑደት ጋር ማያያዝ ይቻላል። በመስከረም ክረምቱ ሲወጣ ሮቶው ይታጠባል፤ ቼክ ቫልቩ ይፈተሻል። በጥር ወቅቱ ደረቅ ስለሆነ የእሳት ውሃው፣ ጎማውና ማጥፊያው ይታያሉ። በግንቦት፣ ከእርሻና ከርጭት ወቅት በፊት፣ የኬሚካል መበጥበጫው ከቧንቧ የራቀ መሆኑ ይረጋገጣል።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ባይሠራ፣ ዛሬ ማታ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ፈረቃው ሲያልፍ ጎማውን ከበርሜሉ አውጥቶ፣ ቧንቧውን ዘግቶ መተኛት። አንድ መስመር የሚጠጡ ጎረቤታሞች የአንዱ ቸልታ የሌላው ሕመም ነው፤ የአንዱ ጥንቃቄም ለሁሉም ይደርሳል።